በመስመር የበቀለው ሶሌ

የሶሌ ዛፍ ዘር ይጣበቃል። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ሽፋኑ ይሰነጠቅና ውስጡ ያለው ቀይ ዘር በሙጫ እንደተለወሰ ይታያል። እናቴ ይህን ዘር ከወለጋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ አሶሳ አመጣችው፤ የግቢያችንን አጥር ሠራችበት። ዘሩን በአመድ ማሸት፣ ማጠብ፣ ከዚያ መዝራት ያስተማረችኝ እሷ ናት። አምና ሞተች። እኔ ለገበያ ችግኝ ማፍላቱን ቀጠልኩ። ጠዋት ስነሣ እጄ የሚያውቀው ሥራ እሱ ብቻ ነበር። ድሮ እጽፈው የነበረውን ግጥም ትቼዋለሁ። የግጥም ደብተሬን፣ ባዶዎቹን የችግኝ ፕላስቲኮች ነፋስ እንዳይወስዳቸው እጭንባቸው ነበር።

ከአጥራችን በታች የጎረቤታችን ቀርከሃ አለ። ጎረቤታችን ዕድሜያቸው የገፋ የበርታ ሴት ናቸው። ክረምት በገባ ቁጥር ለጋውን የቀርከሃ ቡቃያ እየቆረጡ ገበያ ያወጣሉ፤ ለእኛም ቀቅለው ይሰጡን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀርከሃው አበበና እንዳለ ደረቀ። የእኛ አገር ቀርከሃ እንዲህ ነው፤ አንዴ ያብባል፣ ይሞታል፣ ከዘሩ እንደገና ይነሣል። እሳቸው ያንን ሣር የመሰለ ቡቃያ ነው የሚጠብቁት። ከብት እንዳይረግጠው ዙሪያውን እሾህ አጥረውበታል።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ጠሩኝ።

«ና እስቲ። የእናትህ ዛፍ ቀርከሃ በላ።»

ወረድኩ። በቡቃያው መካከል ጉልበት የሚደርሱ የሶሌ ችግኞች ቆመዋል። ቅጠላቸው ያብረቀርቃል። ጥላቸው ሥር የቀረው የቀርከሃ ቡቃያ ቢጫ ሆኗል።

ወራሪ ዛፍ ማለት ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። «አገር በቀል ነው እኮ፣ እማማ» አልኩ።

«የየትኛው አገር? እዚህ እሱ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።»

«ወፍ አምጥታው ይሆናል።»

በበትራቸው ችግኞቹን አንድ በአንድ እየነኩ ከቀርከሃው መሃል እስከ አጥራችን ግርጌ ሄዱ። በቀጭኑ ተሰልፈው ነበር የበቀሉት።

«ወላሂ፣ ይቺ ወፍ ግብርና ተምራለች» አሉ። «በመስመር ነው የምትዘራ።»

መስመሩ የጎርፍ ቦያችን ነበር። ዘር ያጠብኩበትን ውኃ ከነቅሪቱ የምደፋው እዚያ ነው። እናቴ ለዚህ ጉድጓድ ነበራት፤ እኔ እስከዚያ መሄድ ታክቶኝ ነበር። ማፈር ነበረብኝ። የተሰማኝ ግን ስለማላውቀው ሰው የሚወራ ወሬ የመስማት ያህል ነው።

«ወፍ አይደለም። እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ቁጭ በልና ንቀል።»

ዶማ እንዳነሣ አልፈቀዱልኝም፤ የቀርከሃው ሥር ይቆረጣል። ጎን ለጎን ተቀምጠን በእጃችን ነቀልን። ሦስት ቀን ፈጀብን። በሦስተኛው ቀን «አጥሩንም ልቁረጠው?» አልኳቸው።

«እናትህ የተከለችውን?» ጭቃውን ከጣታቸው አራገፉ። «ፍሬው አፉን ሳይከፍት ልቀመው። በየዓመቱ። የሰለቸህ ዕለት ንገረኝና እኔ እቆርጠዋለሁ።»

ጥቅምት ላይ መሰላል አቁሜ ለቀምኩ። የቀደሙኝ ጥቂት ፍሬዎች ተሰንጥቀው ነበር፤ ጣቶቼ እርስ በርስ ተጣበቁ። የለቀምኩትን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። እጄን በአመድ አሸሁና ሳፋ ውስጥ ታጠብኩ። ውኃው ውስጥ ሁለት ቀይ ዘሮች ይንሳፈፉ ነበር። ሳፋውን ይዤ እስከ በሩ ሄድኩ። ቦዩ እዚያው ፊት ለፊቴ ነው። ተመልሼ ውኃውን ከምድጃው ዳር አመዱ ላይ ደፋሁት፤ ሁለቱን ዘሮች ግን ከአመዱ ውስጥ በእንጨት ፈልጌ ፍሙ መሃል አስገባኋቸው።