የእህቴ ጉንጭ

በዚያ ዓመት እህቴን ያየ ሁሉ "ተመችቷታል" ይል ነበር። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም አልቆየችም፤ በየቢሮው በር ላይ የተሰቀሉት ሰሌዳዎች ገና ቀለም ቀለም ይሸታሉ። ትናንት ከእኛ ጋር ባሮ ወርዶ ሲዋኝ የነበረ ጎረምሳ ዛሬ የቁልፍ ዘለላ እያንቀጫቀጨ "ስብሰባ አለብኝ" ይላል። ወፍራም ሰው ማለት ደመወዝ የደረሰው ሰው ነው። ቀጭን ሰው ግን፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ "ያ በሽታ ይዟት ይሆን?" እየተባለች በሹክሹክታ ትታማ ነበር።

እኛ ቤት ሁላችንም ረጃጅሞችና ቀጫጭኖች ነን። እኔን የማስተምራቸው ልጆች ከኋላዬ "ሸንበቆ" ይሉኛል፤ እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ። ታላቅ እህቴ ግን ታጭታለች። እጮኛዋ ከአዲሶቹ ቢሮዎች በአንዱ ሥራ የያዘ፣ ግማሽ ዘመዱ ከድንበር ማዶ የሚኖር ሰው ነው። አክስቶቹ ሊያዩዋት መጡና ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው ከላይ እስከ ታች መረመሯት። ታላቋ አክስት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ልጅቷ ደህና ናት፤ ግን ደርቃለች። ታማ ነው?" አለች። እናቴ ወባ ነው ብላ መለሰች። ስለ ጥሎሹ ከብት የሚደረገው ንግግር ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፣ እህቴም ያን ቀን እህል ሳትቀምስ ዋለች።

ስለሚያወፍረው ክኒን ማን እንደነገራት አላውቅም። ገበያው ውስጥ ከሳሙናና ከባትሪ ድንጋይ ጋር መድኃኒትም የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ፤ ከጣሳ ይቆጥሩና በቁራጭ ወረቀት ይጠቀልሉልሃል። እህቴ የገዛቻት ትንሽዬ ነጭ ክኒን ናት። እውነተኛ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሴቶቹ "የጉንጭ ክኒን" ይሏታል።

በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የእህቴ ፊት እንደ ዳቦ ነፋ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እጇን ጨብጠው "ጌታ ይመስገን" ይሏት ጀመር። የእጮኛዋ አክስቶች እንደገና መጥተው በጣም ደስ ብሏቸው ተመለሱ፤ የሠርጉም ቀን ተቆረጠ። እኔ ግን የማድረው ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ልብስ ስትቀይር አያታለሁ። ፊቷና ሆዷ ሲያብጥ ክንዷና ጭኗ ሰልሏል። ሆዷ ላይ ሰፋፊ ሰንበሮች ተጋድመዋል። በር ገጨት ሲያደርጋት ቆዳዋ ይበልዛል፤ ከአልጋ ስትነሳ ጉልበቷ ይከዳትና ግድግዳ ትደገፋለች። ሰው የሚያመሰግንላትን ፊት እኔ እፈራው ጀመር።

"ይሄ ነገር አላማረኝም" አልኳት።

"ቀንተሽ ነው" አለችኝ እየሳቀች።

ምላሴ አያርፍም፤ "በሬ የሚያደልቡት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?" አልኳት።

ከክኒኖቹ አንዷን ይዤ የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ዘንድ ሄድኩ። ከደጋ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከተማው ሁሉ ዶክተር ይለዋል። ክኒኗን መዳፉ ላይ አገላብጦ አያትና ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስድ ጠየቀኝ። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ በየቀኑ ነው አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

"ከኩላሊታችን በላይ እንደ ቆብ የተቀመጠች ትንሽ እጢ አለች" አለኝ። "ስንታመም፣ ስንራብ፣ ስንደነግጥ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመንን ሆርሞን የምታመነጨው እሷ ናት። ይሄ ክኒን ያንን ሆርሞን የሚተካ ነው። ለአስምም ለሌላም በሽታ እኛው እንሰጠዋለን፤ ግን በልኩ። ሳይቋረጥ ከውጭ ሲገባላት እጢዋ ሥራዋን ትታ ትተኛለች።"

"እንግዲያው ዛሬውኑ አስጥላታለሁ።"

"እንዳታደርጊው፣ አስተማሪዋ። በአንዴ ካቆመች እጢዋ ተኝታለች፣ ክኒኑም የለም። ትንሽ ትኩሳት ከጨመረባት ትሞትብሻለች። አምጫት፤ እጢዋ እስክትነቃ ቀስ በቀስ እንቀንስላታለን። እስከዚያ አንድም ቀን እንዳታሳልፍ።"

ቤት ገብቼ ቃል በቃል ነገርኳት። የሰማችው ግማሹን ብቻ ነው። "አየሽ፣ ዶክተሩ ራሱ አታቁሚ ብሏል" አለችና ቀሪውን ከሠርጉ በኋላ እንዲሆን አቆየችው።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ሙሽራ ከመዳሯ በፊት ከባለትዳር ሴቶች ጋር ሦስት ቀን ትጾማለች። ከአንዲት አዛውንት እናት ቤት ይገባሉ፤ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ከውሃ በቀር አፋቸው የሚገባ ነገር የለም። ከሙሽራዋ በቀር ያላገባች ሴት ደጁን አታልፍም። ያን ዝማሬ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደው ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን ያለ ክኒን የምታድርበትን ሦስት ቀን እቆጥር ነበር። ክኒኖቹን በመሐረብ ጫፍ ቋጠርኩና፣ "በውሃ ዋጫቸው፤ መድኃኒት ጾም አይገድፍም" ብዬ ለመንኳት።

"የእሱ አክስቶች እኮ አብረውኝ ነው የሚጾሙት" አለች። "ስውጥ ካዩኝ ጉንጬ ከየት እንደመጣ ይገባቸዋል።"

"ትሞቻለሽ ነው የተባለው።"

"በሦስት ቀን ማንም አይሞትም።" መሐረቡን መልሳ እጄ ላይ አስጨበጠችኝና ገባች። ለእናቴ ብነግራት፣ "አፍሽን ያዢ፤ የልጅቷን ዕድል እንዳታበላሺ" አለችኝ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ በዚያ ቤት አጥር ሥር እቆማለሁ። በመጀመሪያው ቀን የእህቴ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል፤ እሷ ስትዘምር ሰፈር ያውቃታል። በማግስቱ ጆሮዬን ባቆምም ከዝማሬው ውስጥ ለይቼ ላገኘው አልቻልኩም።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ፣ አንዲት ሴት ውሃ ልትቀዳ ወጣችና በደስታ፣ "እህትሽን መንፈስ ነክቷታል፤ እንደ ተንበረከከች ወድቃ አልነሳ ብላለች" አለችኝ። ደጁን ጥሼ ገባሁ። እህቴ ሰሌን ላይ ተጋድማ አስመልሷታል፤ በዚያ ሙቀት ገላዋ በቀዝቃዛ ላብ ተጠምቋል። አንዷ ወባ ነው አለች፣ ሌላዋ ጸሎቱ እየሠራ ነው አለች። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ታላቋ አክስት በገዛ ነጠላዋ ፊቷን ትጠርግላት ነበር። በአልጋ ተሸክመን ጤና ጣቢያ እናድርሳት ስል ቀድማ የአልጋውን እግር ያነሳችውም እሷው ናት።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ተረኛው ነርስ የደም ግፊቷን ለካ፣ እንደገና ለካና ፊቱ ተለወጠ። "የምትወስደው መድኃኒት አለ?" አለ።

እናቴ አክስቶቹን አየች። "የለም" አለች።

እህቴም እንደ ምንም ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። "የለም።"

ነርሱ የወባ መድኃኒት ሊያዘጋጅ ዞረ። ከተናገርኩ ትዳሯን ነው የማፈርሰው፣ ዝም ካልኩ ልትሞት ነው። "አለ" አልኩ ጮክ ብዬ። "የጉንጭ ክኒን። ከክረምት ጀምሮ በየቀኑ ስትውጥ ቆይታ ሦስት ቀን አቁማለች።" እናቴ ፊቷን አዞረችብኝ። ነርሱ እየሮጠ ጤና መኮንኑን ጠራው፤ እሱም መርፌውን በደም ሥሯ ወጋት፣ ግሉኮስ ተሰቀለላት። ደሟ ውስጥ ወባም ተገኘ። አክስቶቹ ምን እንደወጋት ሲጠይቁት፣ "ያቆመችውን መድኃኒት ነው የመለስኩላት። ሊገድላት የነበረው በድንገት ማቆሟ ነው" አላቸው። አመሻሽ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

"ሰሙ?" አለችኝ።

"ሰምተዋል።"

እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። አዘንኩላት፣ ተናደድኩባትም፤ ከሞት አፋፍ ተመልሳ የምትፈራው አክስቶቹን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ታላቋ አክስት ብቻዋን መጥታ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሠርጉ ቀርቷል ልትል ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። የእህቴን ጉንጭ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ ብዙ አየችው። "ሠርጉ ይቆያል እንጂ አይቀርም" አለች። ከዚያ ነርሱ እንዳይሰማ ጠጋ ብላ፣ "ሴት ልጅ አለችኝ፤ ቀጭን ናት፣ ሊያዩዋት ሊመጡ ነው። ከማን ነው የገዛሽው?" አለቻት።

"ሊገድላት ነበር እኮ" አልኩ።

"ሊገድላት የነበረው ማቆሟ ነው፤ ዶክተሩ ሲናገር ሰምቻለሁ። ያዳናትም ያው መድኃኒት ነው" አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። "የእኔ ልጅ አታቆምም።"

እህቴ ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ግሉኮስ የተሰካበትን እጇን ከአንሶላው አወጣችና፣ ሳሙና ሻጯ ከዓሣ ተራው ጀርባ በስተግራ እንደምትቀመጥ አመለከተቻት። ልጅቷ መጀመሪያ በግማሽ ብትጀምር እንደሚሻልም አስረዳቻት።