ከሰባ ሺው የጎደለው

ባለቤቴ የሞተች ጊዜ፣ እንደ ከሚሴ ልማዳችን ሰባ ሺህ ጊዜ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እንዲባልላት ጎረቤቱን ቤቴ ጠራሁ። ድርሻውን ለየሰዉ ያካፈልኩት እኔ ነኝ። የሙስበሃውን፣ የመቁጠሪያችንን፣ ፍሬ መቶ አድርጌ አስቤ፣ ሰባት መቶ ዙር ይበቃል አልኩ። ዙሩ አልቆ ለዱዓ እጃችንን ስንዘረጋ፣ ከሴቶቹ በኩል የባለቤቴ ታናሽ እህት ተናገረች።

«አንቱ፣ ሙስበሃ እኮ ዘጠና ዘጠኝ ነው። በየዙሩ አንድ አንድ እየቀረ እህቴን ሰባት መቶ አጎደሉባት። ሰንበቴ ገበያ ወርደው ፍየል ሲገዙ እንዲህ አይሸወዱም።»

ሰዉ ፈገግ አለ። የእኔ ፊት ግን ጋለ። ዕድሜዬን ሙሉ በጣቴ ስቆጥረው የኖርኩት ሙስበሃ ነው።

«እንግዲያ ሰባት ዙር እንጨምራ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«በነሱም ላይ አንድ አንድ ይቀራል። ሰባ ሺህ ለዘጠና ዘጠኝ ሲካፈል፣ ምንም ቢያደርጉት ሰባት ይተርፈዋል።»

ሰባቱን ዙር ሰዉ ተካፈለው፤ የተረፈውን ሰባት ለእኔ ተዉልኝ። አንገቴን ደፍቼ ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ድምፄ እንቢ ሲለኝ ያቺው እህቷ ከእኔ ጋር እያለች አስጨረሰችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።