ከፉሪ ማዶ ያለው የኮምፒውተር ክፍል

እኔ ነገር ሲጓተት አልወድም። እናቴ "በሰባት ወርሽ የተወለድሽው እኮ መጠበቅ አቅቶሽ ነው" ትለኛለች። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለችኝ ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ደንበኛ ጠዋት ያመጣውን ከሰዓት ይዞ ካልሄደ ያንገበግበኛል። ደግሞ ሥራዬን እችላለሁ። ጉራ የሚመስለው ካለ ይምሰለው። ሌላ ሱቅ "ይሄ አለቀለት" ብሎ የመለሰውን ማሽን ስንቴ አስነስቻለሁ።

መካኒሳ የምንካፈልባት ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነ ሰው መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሲቀይር አሮጌዎቹን ለምኖ አመጣልን። ከአዳራሹ ጀርባ ከመዘምራን ድምፅ ማጉያ ጋር ተቆልለው አቧራ ሲጠጡ ቆዩ። እኔ ከአንዱ ነቅዬ ለሌላው እየተከልኩ፣ ሆዳቸውን እየጠረግሁ፣ የሚነሡትን አስነሣሁ። ሽማግሌዎቹም ከፉሪ አለፍ ብሎ ላለ የገጠር ትምህርት ቤት እንዲሰጡ ወሰኑ። አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ "ማሽኑስ ሄደ፤ ማን ሄዶ ያስተምር?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጥያቄው ሳያልቅ እጄ ወጥቷል።

በታክሲ ስንመለስ እናቴ አልማረችኝም። "አንቺ ልጅ ትዕግሥት የለሽም። የሰው ልጅ ታስለቅሺያለሽ።"

"ኮምፒውተሩ እስኪከፈት የምጠብቀውን ያህል ልጆቹንም እጠብቃለሁ" አልኳት።

"እሱንም እኮ በጥፊ እየመታሽ ነው የምታስነሺው።"

ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ፣ አይታኛለች።

ትምህርት ቤቱ አስፋልቱ አልቆ ባጃጅ እንኳ እየተለማመጠ የሚሄድበት መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። በአንድ በኩል የጤፍ ማሳ፣ በሌላ በኩል ገና ያልተለሰነ ፎቅ። የልጆቹ ወላጆች ዱሮ ገበሬ ብቻ ነበሩ። አሁን የቀረቻቸውን መሬት ያርሳሉ፣ ወተት እስከ ሀይሌ ጋርመንት ያደርሳሉ፣ ግማሾቹ አዲስ በሚሠራው ሕንፃ ጥበቃ ናቸው። ትምህርቱ በኦሮምኛ ነው። የኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። ልጆቹ ግን ወተት ይዘው ከተማ ሲመላለሱ አማርኛውን አቀላጥፈውታል፤ እኔን ለማረም እንኳ አይሰንፉም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ስደርስ የኮምፒውተር መምህሩ በር ላይ ተቀበሉኝ። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ኮታቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው በዚያ አቧራ መሀል የሚያበራ ሰው ናቸው። እጅ ነሥተው ካመሰገኑኝ በኋላ "ቁልፉ ግን ጠፋ" አሉኝ። እሺ፣ ይጠፋል። ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ "መብራት የለም" አሉኝ። ከግቢው ጀርባ ያለው ወፍጮ ቤት ያጓራል። ወፍጮው በምን እንደሚሠራ ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ደሜ ግን ፈላ። ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ ከምመለስ ብዬ የማጠናከሪያ ትምህርት ሲሰጡ ከኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ያለ አስተማሪ አይቼ አላውቅም። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ኮምፒውተር ሥለዋል፤ ሥዕሉ ከኔ ሱቅ ማስታወቂያ ያምራል። በዱላቸው እየነኩ በኦሮምኛ ይጠይቃሉ፤ የዕቃው ስም እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔም እከተላለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል በሙሉ ባንድ ድምፅ ይመልሳል። ኪቦርድ ኢንፑት ዲቫይስ ነው። ሞኒተር አውትፑት ዲቫይስ ነው። ማብሪያው የት ነው ሲሉ ጣት ሁሉ ወደ ሥዕሉ የላይኛው ቀኝ ጥግ ይቀሰራል። አንድ ልጅ ሲሳሳት አይቆጡትም፤ ጥያቄውን አዙረው ራሱ እስኪያገኘው ይጠብቁታል። እኔ ብሆን መልሱን ጆሮው ላይ እጮህበት ነበር። ታዲያ ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው በሩን ለምን ይቆልፋል? ብስጭቴ ባሰ።

በሦስተኛው ቅዳሜ "ክፍሉ መድኃኒት ሊረጭበት ነው" ሲሉኝ ትዕግሥቴ አለቀ። በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሄጄ ቁልፉን ጠየቅኋቸው።

"ቁልፉ መቼ ጠፍቶ ያውቃል፣ ልጄ?" አሉና ከኪሳቸው አወጡት።

ከፈትኩ። ልጆቹ ተንጋግተው ገቡ፤ ባንድ ዴስክ ለአራት፣ ለአምስት ተጣበው ተቀመጡ። መምህሩ ደፉ ላይ ቀሩ። "በሉ፣ አብሩት" አልኳቸው። ጣት ሁሉ ባንዴ ወደ ማሽኑ የላይኛው ቀኝ ጥግ ሄደ። እዚያ ምንም የለም፤ የሲዲ መክደኛ ብቻ ነው። የኛዎቹ ማሽኖች ማብሪያ ከታች ነው። ልጆቹ መክደኛውን ደጋግመው ተጫኑት።

ፊት ለፊት የተቀመጠች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ ያደረገች ልጅ ዞር ብላ "ይሄ ኮምፒውተር ተበላሽቷል" አለችኝ።

"አልተበላሸም። ማብሪያው እታች ነው።"

"ቲቸር ግን ከላይ ነው ያሉን" አለች፤ አነጋገሯ የማሽኑን ጥፋት ለኔ የሚያመለክት ነው እንጂ የሳቸውን አይደለም። ክፍሉ በሙሉ እሷን ደግፎ ወደ በሩ ዞረ፣ እሳቸው እንዲፈርዱ።

እኔም ዞርኩ። ሰውዬው መቃኑን ይዘው ላብ በላብ ሆነዋል። ያኔ ገባኝ። እኚህ ሰው ይህን ትምህርት ስንት ዓመት ሲያስተምሩ ኮምፒውተር አብርተው አያውቁም።

እሳቸውን ለማጋለጥ አንዲት ቃል በቂ ነበረች። ቃሏ ምላሴ ላይ ነበረች፤ ሦስት ቅዳሜ የተንከራተትኩበት ንዴትም ከኋላዋ እየገፋት ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን አንጀቴን በሉት። "ቲቸራችሁ ልክ ናቸው። እሳቸው ያሏችሁ ዓይነት አለ፤ ይሄ ሞዴሉ ሌላ ነው" አልኩ። ደግሞም ውሸት አይደለም። ልጆቹ ወደ ታች አጎነበሱ፣ ማሽኖቹ እያጉረመረሙ ተነሡ፣ ክፍሉ ባንዴ በጫጫታ ተሞላ።

ከክፍል በኋላ መምህሩ እስከ ባጃጁ ሸኙኝ። መንገዱ ሊያልቅ ሲል እሳቸው ጀመሩት።

"የተማርኩት ታሪክ ነው። የኮምፒውተር መምህር የለም፣ አንተ ያዘው አሉኝ፤ መጽሐፉን ሰጡኝ፤ ማሽን አልነበረም። መጽሐፉን በቃሌ ይዤዋለሁ።"

"ታዲያ ማሽኑ ሲመጣ ብቻዎን ገብተው አይሞክሩም?"

"ነክቼ ባበላሸውስ?" አሉና ቆሙ። "ስሚኝ፣ እህቴ። እዚህ አገር ያለኝ ቃሌ ነው። ፎቁ ሥራ ላይ ለልጅ የቀን ሥራ ይሰጣሉ። አባት ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ሊልክ ሲነሣ ቤቱ ሄጄ 'ተው፣ ይማር' እለዋለሁ። 'መምህሩ ካሉ' ብሎ ይመልሰዋል። አሁንም እዚያ ለሥራ ስሙን አስጽፎ ቀኑን የሚጠብቅ ልጅ አለኝ፤ አባቱን ገና እየለመንኩ ነው። የማያውቀውን ሲያስተምር ነው የኖረው ከተባልኩ ማን ይሰማኛል?"

መልስ አላጣሁም። እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። "ሰኞ ከትምህርት በኋላ ሱቄ ይምጡ" አልኳቸው። "ሰው የማያስነሣውን ማሽን አስነሣለሁ፤ እርስዎ ምን ያቅተኛል?"

መጡ። ከደንበኞቼ መሀል ኮታቸውን ቆልፈው ተቀመጡ። ማውሱን እንደ እንቁላል ነው የሚይዙት። አንዴ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀስት ወደ ጥግ ሲገፉ ሲገፉ ማውሱ ከጠረጴዛው ጫፍ ደረሰና ቀና ብለው "ጠረጴዛው አለቀ" አሉኝ። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። እሳቸውም ሳቁ፣ ዕንባቸው እስኪመጣ። አንሥተው መሀል መመለስ እንደሚቻል ሳሳያቸው "ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም" አሉ፣ መጽሐፉን የታዘቡት ይመስል።

እንግዲህ እቅዴን አወጣሁ። አንዲት ትምህርት ብቻ ጥርት አድርገው እንዲያውቁ፤ ማብራት፣ መጻፊያውን መክፈት፣ ስም መጻፍ፣ ማስቀመጥ፣ ማጥፋት። እየደጋገምን ፈተልነው። ለጥያቄ የሚሆን መልስ ሁሉ አዘጋጀሁላቸው። ከከበደዎት እኔ ጉንፋን እንደያዘው ሰው እስላለሁ፣ ምክንያት ፈጥሬ እመጣለሁ አልኳቸው። ዳይሬክተሩ ወላጆች መጥተው የሚያዩበትን ቅዳሜ ሲቆርጡ ቅንጣት አልፈራሁም። እኔ የጠገንኩት ነገር ተመልሶ አይመጣም።

ወላጆቹ መጡ፤ ከኋላ በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። መምህሩ የነገሩኝ አባትም ነበር፤ ሲሚንቶ የነካው ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ ልጁን ባይኑ እየጠበቀ። መምህሩ ጀመሩ። ምን ልበላችሁ፣ ኮራሁባቸው። ድምፃቸው እንደ ወትሮው፣ ዱላቸው እንደ ወትሮው፤ ልጆቹ አበሩ፣ ከፈቱ። እኔ በልቤ ጨርሰናል ብያለሁ።

መብራት ሄደ።

ክፍሉ አጉረመረመ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ልጆቹ እንደገና አበሩ፤ ግን በያንዳንዱ ስክሪን ላይ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተደረደረ። አሮጌ ማሽን መብራት ሲቋረጥበት የሚያወጣው ነው፤ እኔ በቀን አሥሬ የማየው ተራ ነገር። እሱን ግን አላለማመድኳቸውም። ያ ሁሉ ዝግጅት፣ ይቺን ረሳኋት።

"ቲቸር፣ ይሄ ምንድነው?" አለች ያቺ ነጠላዋን ሸብ የምታደርገው ልጅ።

ሳልኩ። ተነሣሁ። መምህሩ ሳያዩኝ እጃቸውን ዘርግተው ተቀመጪ አሉኝ። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ። ስክሪኑን አዩት፤ ወላጆቹን አዩ።

"አላውቅም" አሉ።

በአማርኛ ያሉት ለኔም ጭምር እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ወደ ወላጆቹ ዞረው ባፋቸው፣ በኦሮምኛ፣ ረጋ ብለው ተናገሩ። ቋንቋው ባይገባኝም የሚሉትን አላጣሁትም፤ መጽሐፉን አነሡ፣ ማሽኑን ጠቆሙ፣ መጨረሻ ላይ እኔን ጠቆሙ። ያስተማርኳችሁ ያላየሁትን ነው፤ የነካሁት ገና አሁን ነው፤ ያለማመደችኝም ይህቺ ናት። ቦቲ ጫማ ያደረገው አባት ክንዱን አጣምሮ መሬት መሬት ያያል። አለቀላቸው አልኩ። በራሴም በሳቸውም ተናደድኩ፤ ምነው ባልሳልኩ፣ ምነው ቀድሜ በዘለልኩ።

ልጅቷ ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ቆይታ "ቲቸር፣ 'እንደ ወትሮው ጀምር' የሚል አለ እዚህ። ልንካው?" አለች።

"ንኪው።"

ኪቦርዱ ላይ ነካችው። ማሽኑ ተነሣ። ወዲያው ከዴስክ ዴስክ "እንደ ወትሮው፣ እንደ ወትሮው" እየተባለ ተላለፈ፤ ሁሉም ተነሣ።

መምህሩ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ ልጅቷ ዴስክ ሄዱ። "ቦታ አለ?" አሉ። ልጆቹ ተጠጋጉ። እኚያ ጫማቸው የሚያበራ ሰው ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ እስኪደርስ በዚያች የልጅ ዴስክ ጫፍ ተቀመጡ። ደንቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ የራሱን ስም ይጽፋል፣ ማውሱንና ኪቦርዱን ለቀጣዩ ያስተላልፋል። ሦስቱ ጻፉ። ከዚያ እሳቸው። አንድ ባንድ፣ ፊደሉን እየፈለጉ፣ ስማቸውን ጻፉ። የአባታቸውን ስም ጨመሩ። ደስ ብሏቸው ኖሯል፣ የአያታቸውን ጀመሩ።

ወላጆቹ ለማየት ከግድግዳው ለቀው ተጠግተዋል። ቦቲ ጫማ ያደረገው አባት ከልጁ ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጓል።

"ቲቸር" አለች ልጅቷ፣ ምንም ሳታፍር፣ ምንም ሳትቆጣ፣ እሳቸው ራሳቸው በሚያርሙበት ድምፅ፤ "የራስ ስም ብቻ ነው። ተራዎ አልፏል።"

አባትየው ነው መጀመሪያ የሳቀው። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ልጁን ትከሻው ላይ መታ አደረገና በኦሮምኛ አንድ ነገር አለው፤ ልጁ ሰኞ ክፍል እንደሚቀመጥ ከፊቱ አነበብኩት። እኔ አለቀስኩ፣ አልደብቅም። መምህሩ ግን ወሬውንም ሳቁንም የሰሙ አይመስሉም። የአያታቸውን ስም ሳይጨርሱ ጣታቸውን አነሡ፤ ማውሱንም ለታላቅ እንደሚሰጥ በሁለት እጃቸው ይዘው ለልጅቷ አቀበሏት።