ከርከሮው ከወደቀ በኋላ የተነሣው ውሻ

ፎገራ ላይ ሩዙ አንገቱን ሲደፋ ከርከሮው አንገቱን ያቀናል። ክረምቱን ሙሉ ሜዳውን ውጦት የከረመው ውሃ ወደ ጣና ሸሽቶ፣ ጭቃው ግን ገና ጫማ የሚያስቀር ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት ከጉማራ ወንዝ የሚነሣው ጉም ሰውን እስከ ወገቡ ሲሸፍነው፣ ያኔ ነው የአደኑ ወቅት። ልጆች፣ አደን ስላችሁ ደግሞ አንበሳ እንዳትጠብቁ። እኔ በዕድሜዬ አንበሳ ያየሁት አማቴ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ምንጣፍ ነው፤ እሱም ቢሆን ፊት ለፊቱ መቀመጥ አልወድም ነበር። የኛ አደን የሩዝ ሌባ ማባረር ነው። የከርከሮ ሥጋ ለክርስቲያን አይበላ፣ ገድለኸው የምታተርፈው ድካም ብቻ። ግን አንድ ሌሊት ማሳህ ውስጥ ካደረ የዓመት ልፋትህን ገልብጦ አርሶልህ ይሄዳል።

የዚያን ቀን የወጣነው ሦስት ነበርን። አንዱ ጎረቤቴ አለምነው ነው፤ ጦር የሚወረውር፣ አፉን ግን የማይወረውር ሰው። ሌላዋ ውሻዬ ዳማ ናት፤ ቀለሟ ዳማ፣ ቁመቷ ከጉልበቴ የማያልፍ፣ አንድ ጆሮዋ የቆመ አንዱ የወደቀ። ከሩቅ ስትታይ እንደኔው የማትረባ ትመስላለች። ከቅርብ ስትታይ ግን እኔን አትመስልም። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ዱላና ጋቢ ይዤ፣ ምክር ለመስጠት።

አራተኛው ሳይጠራ መጣ። ብሩክ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ወረታ መጥቶ ሩዝ የሚነግድ፣ መጋዘኑን የሚያስጠብቅበት ሬክስ የሚሉት ወይፈን የሚያህል ውሻ ያለው። በባጃጅ ነው የመጡት። ውሻው የኋላውን ወንበር ብቻውን ይዞ፣ ጌታው ከሾፌሩ ጎን ተጣቦ። ጭቃ ወዳለበት ማሳ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጎ ወረደ።

«ጋሼ ታከለ! ዛሬ እውነተኛ ውሻ ያያሉ!» አለኝ።

«የትኛው ነው? ከኋላ የተቀመጠው ወይስ ከፊት?» አልኩት።

ባጃጅ ነጂው ሳቀ፤ ብሩክ አልገባውም።

ሬክስ ከባጃጁ እንደወረደ ዳማን አየ። ማየት ብቻ አይደለም፤ ዓይኑን ሳይሰብር ተከለባት። ጭራው እንደ በትር ቀጥ፣ የጀርባው ፀጉር ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ቆሟል። ዳማ ፊቷን አዞረች፣ ከንፈሯን ላሰች፣ እግሬ ሥር መጥታ ቁጭ አለች። አሁን ሳስበው ከዚያ በላይ ምን ትበለኝ? «ሽማግሌ፣ ወደ ቤት እንሂድ» ነው ያለችኝ።

አለምነው ገብቶታል። «አያ ታከለ፣ የዚህ ውሻ ዓይኑ አላማረኝም። ይታሰር ይበሉት» አለኝ።

«አይነክስም!» አለ ብሩክ ቀድሞኝ። «ሕፃን ማለት ነው። ሕፃን!»

እኔም «ይላመዳሉ» አልኩ። የሰው ሽምግልና ላይ የምቀመጥ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ ሁሉ በመላመድ የሚያልቅ ይመስለኛል።

የከርከሮውን ኮቴ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ቀን ሥራዬ የሚወራ ቢኖር ይኸው ነው። ጠርዙ አልፈረሰም፣ ውስጡ ውሃ አቁሯል፣ ውሃውም ገና ድፍርስ ነው። አሁን ነው ያለፈ ማለት ነው። ከአለምነው ማሳ ወጥቶ ወንዙ ዳር ወዳለው ቁጥቋጦ ይገባል። የማሳ ጎረቤቶቻችን በወዲያ በኩል ቆመው ባዶ ጀሪካን መደብደብ ጀመሩ። አለምነው ጦሩን ይዞ መውጫው ላይ አደፈጠ። ዳማ ያለ ድምፅ ገባች፤ ቆይታ ሁለት ጊዜ ጮኸች፤ ቁጥቋጦው ተናወጠ።

ከርከሮው ሲወጣ ክራንቻው ላይ ጭቃና ሥር ተንጠልጥሎ ነበር። ዳማ ከኋላው። ወደ አለምነው ሲዞር የኋላ እግሩን ትነክሳለች፤ ወደ እሷ ሲዞር የለችም። እንዲህ እያዞረች አለምነው ፊት ጎኑን እንዲሰጥ አደረገችው፤ ጦሩም ከትከሻው ሥር ገባ።

ሬክስስ? የከርከሮው ሽታ አፍንጫው ላይ እንደደረሰ በጌታው ሁለት እግሮች መካከል ገብቶ ጭራውን ሆዱ ሥር ቀብሮ ነበር። ወይፈን የሚያህለው! ብሩክ «ጃስ! ጃስ!» ይላል፤ ውሻው ደግሞ «አንተ ሂዳ» በሚል ዓይን ቀና ብሎ ያየዋል። የፈሪ ነገር እንዲህ ነው ልጆች፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ከዚህ ማወቅ ነበረብኝ። ከብርቱ ፊት የሸሸ ሁሉ የሚወጣበት ደካማ ሲፈልግ ነው የሚውለው።

ከርከሮው ወደቀ። እዚህ ላይ የሆነውን ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ፎከርኩ። ለአንበሳ፣ ለጎሽ የሚፎክሩ አባቶች አፈር ይቅለላቸውና፣ እኔ ለአሳማ ዘመድ፣ ያውም ሌላ ሰው ለገደለው፣ ዱላዬን እየነቀነቅኩ «ዘራፍ!» አልኩ። ጀሪካን መቺዎቹም ደነቃቸውና መቱልኝ። ሬሳውን ማንም አይነካውም፤ ርኩስ ነው፤ ለውሾች ተትቶ ዞር ይባላል። እኛም ዞር አልን። ሁለት የማይተዋወቁ ውሾች፣ አንዷ የለፋች፣ አንዱ ያፈረ፣ መካከላቸው ሥጋ አስቀምጠን ጀርባችንን ሰጠናቸው። ሰይጣን ራሱ ከዚህ የተሻለ አያሰናዳም።

ጩኸቷን ስሰማ የፉከራዬ አጃቢ መስሎኝ ነበር።

ዞር ስል ሬክስ ዳማን አንገቷን ይዞ ውሃ ወዳቆረው ማሳ ጥሏታል። ያ የከርከሮ ሽታ ያስፈራው ጀግና! ሁላችንም የምናውቀውን ሁሉ አደረግን፤ የምናውቀው ሁሉ ደግሞ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ጮኽን። ሲጮኹበት ውሻው የሚያበረታቱት ይመስለዋል። ጀሪካን መቺዎቹ ለማስፈራራት ብለው ይባስ ደበደቡ። እኔ በዱላዬ ጀርባውን አቀመስኩት። በመታሁት ቁጥር መንጋጋውን ይበልጥ ጨመቀው፤ ጨምቆም እንደ ጨርቅ አራገፋት።

«ሲጫወት ነው! አይነክስም!» ይላል ብሩክ፣ ድንበሩ ላይ ቆሞ ጫማውን እያየ።

ከዚያ የሽማግሌነቴን ሠራሁ፤ መካከል ገባሁ። ቀኝ እጄን ወደ አፉ ሰድጄ መንጋጋውን ልፈለቅቅ ሞከርኩ። ለቅጽበት ላላ አደረገና ጠበቅ አድርጎ መልሶ ገጠመው፤ አሁን ግን አፉ ውስጥ የዳማ አንገትና የኔ ጣት አብረው አሉ። እንግዲህ እዩኝ፤ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ፣ ከውሻዬ ጋር አንድ አፍ ውስጥ። የዳማ ዓይን ከዓይኔ የአንድ ስንዝር ያህል ነው። ጩኸቷን አቁማለች። ትንፋሿ ይንጫረራል። «ይቺ ሞተች» አልኩ በልቤ፤ እጄን ረስቼው ነበር።

ያዳናት ጥበቤ አይደለም፤ ንዴቴ ነው። ጋቢዬ ወድቆ ውሃ ጠጥቷል። የምወረውረው ሌላ ነገር ስላጣሁ በግራ እጄ አንሥቼ ፊቱ ላይ ጣልኩበት። ጨለመበት። የረጠበ ጋቢ አፍንጫው ላይ ተለጠፈ። ውሻው ቀጥ አለ፤ ማራገፉን ተወ።

«አለምነው! እግሩን!»

አለምነው ጦሩን ጥሎ ከኋላ መጣ። ጥጃ ከማጥ እንደምናወጣው የውሻውን ሁለት የኋላ እግሮች ከጭኑ ላይ ይዞ ወደ ላይ አነሣቸው። እኔ እጄን ልነጥቅ ስል «አይጎትቱ አያ ታከለ! ይቀደዳል፣ አይጎትቱ!» ብሎ ጮኸብኝ። አልጎተትኩም። የኋላ እግሩ ከመሬት የለቀቀ፣ ዓይኑ የጨለመ፣ አፍንጫው የታፈነ ውሻ ምርጫው አንድ ነው፤ ለመተንፈስ አፉን ይከፍታል። ከፈተ። ዳማ ወደቀች፣ ጣቴ ወጣ፣ አለምነው እግሩን እንደያዘ ወደ ኋላ እየተራመደ በክብ አዞረው፤ ዞሮ እንዳይነክሰው።

«አንተ ባለ ነጭ ጫማ! ቀበቶህን አውልቀህ እሰረው!» አልኩ።

ብሩክ ወረደ። ቀበቶውን ፈታ፣ የውሻውን አንገት አሰረ፤ በአንድ እጁ ውሻውን፣ በሌላው ሱሪውን ይዞ ቆመ። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ከዚያ መካሪው በዛ። አንዱ «የነከሰዎትን ውሻ ፀጉር አቃጥለው ይነስንሱበት» አለ። ሌላው «ወንዛዬ ፍልውሃ ሦስት ቀን ይንከሩት» አለ። ወንዛዬ ለጉልበቴ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ውሃው ለእብድ ውሻ በሽታ መድኃኒት መሆኑን ግን ጉልበቴም አልነገረኝ። አለምነው ቦኖ ውሃ ድረስ እየጎተተ ወሰደኝና እጄን በሳሙና እያሸ፣ በሚፈስ ውሃ ሥር ብዙ አቆየኝ። ስሰድበው ይበልጥ አሸኝ።

ሬክስን ዛፍ ላይ አስረን ትተን፣ ዳማን በሩዝ ጆንያ አቅፈን፣ በዚያው በባጃጁ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን። አሁን የኋላውን ወንበር የያዘችው እሷ ናት። እኔ «ቁስሏ ትንሽ ነው፤ አራት ቀዳዳ ብቻ» ብዬ ለሐኪሟ ነገርኳት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀጉሩን ላጭታ በጓንቷ ዳሰሰችው።

«አባባ፣ ከላይ ቀዳዳ ነው፤ ከሥር ግን ቆዳውና ሥጋው ተላቋል። እንዲህ ነው የውሻ ንክሻ። ‹ትንሽ ነው› ብለው ቤት ቢያስተኟት ኖሮ ውስጥ ለውስጥ መግል ይዞ ይገድላት ነበር።» አጠበችው፣ መርፌ ወጋቻት። «የእብድ ውሻ ክትባት ወስዳለች?»

«ወስዳለች።»

«የነከሳትስ?»

ብሩክ ሱሪውን እንደያዘ «ሬክስ እኮ ጥሬ ሥጋ ነው የሚበላው፤ ንጹሕ ነው» አለ።

ሐኪሟ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ የኔን እጅ አየች። «አባባ፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ!»

ጤና ጣቢያ መርፌው ተጀመረልኝ። ውሻው ታስሮ አሥር ቀን ይታይ ተባለ፤ ካበደ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይለያል። ይኼ በሽታ አንዴ ከተነሣ መድኃኒት እንደሌለው ሲነግሩኝ የቀለድኩት ቀልድ አልነበረም።

በማግሥቱ ብሩክ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ አፍሬአለሁ። ሬክስን ላስገድለውና ይብረድልዎ» አለኝ።

«አንተ! ከገደልከውማ ማበድ አለማበዱን እንዴት አውቃለሁ? አንድ ፀጉሩ እንዳይጎድል!»

እንዲህ ነው የሰነበትነው እንግዲህ። በየማለዳው ብሩክ መጋዘን ሄጄ፣ በዱላዬ ተደግፌ፣ ከሰንሰለቱ ርቄ ጠላቴ ሲበላ አያለሁ። ውሃ ሲጠጣ «እሰይ» እላለሁ። ለልጆቼ ያልጸለይኩትን ጸሎት ለሱ ጸለይኩ። ሚስቴ ጥሩ «ለባሌ ዕድሜ ይስጥልኝ ብዬ ስለት ተስዬ ነበር፤ አሁን ለማን እንደማስገባ ጠፋብኝ» ትላለች። አንድ ጠዋት ሬክስ ሳህኑን አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ውሃውንም አልነካም። የግቢውን በር ተደግፌ ቀረሁ። እጄን አየሁት፤ ከዚያ በሐሳቤ ማሳዬን፣ ዳማን፣ ሚስቴን ጥሩን አየሁ። ብሩክ ወጥቶ ሲያየኝ ደነገጠ።

«ጋሼ! ምነው?»

«አልበላም።»

«ውይ! ማታ እንግዳ ነበረኝ፤ ሙሉ የበግ ጭንቅላት ሰጥቼው ነው። ጠግቦ ነው።»

በዚያች ሰዓት ከሰውና ከውሻ ማንን እንደምነክስ ቸግሮኝ ነበር።

ሬክስ አላበደም። እኔም ይኸው አለሁ፤ አለማበዴን የሚጠራጠሩ ቢኖሩም ከዚያ በፊት የጀመረ ነው። ብሩክ ውሻውን አስከትቦ በሰንሰለት ይዞ መሄድ ለመደ። ቀለበት ጣቴ ግን አይታጠፍም። ዳማ ዳነች፤ አንገቷ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፤ ሁልጊዜ የምጠይቃትን የምታስብበት ትመስላለች።

ባለፈው ሳምንት ከይፋግ ገበያ ስንመለስ፣ በሁለት ሩዝ ማሳ መካከል ባለች ቀጭን የጭቃ ድንበር ላይ የማናውቀው ትልቅ ውሻ ከፊት መጣ። ጭራው ቀጥ፣ ዓይኑ ተተክሏል። ከኋላዬ የሚመጡ ጎረምሶች ድንጋይ አነሡ፤ አንዱ «ዳማን ጃስ ይበሏት አያ ታከለ!» አለ። እኔ ዳማን አንሥቼ ብብቴ ሥር ከተትኳት፣ ዓይኔን ከውሻው ነቅዬ፣ ሳልሮጥ፣ ሳልናገር፣ ከድንበሩ ወርጄ እስከ ጉልበቴ ውሃው ውስጥ ቆምኩ። ውሻው አሽትቶን አለፈ። ጎረምሶቹ ሣቁ። «አዳኙ ለውሻ መንገድ ለቀቀ!» አሉ። የፕላስቲክ ጫማዬ አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀረ። የዳማ ልብ ጎኔ ላይ ይመታል፤ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ረጋ። ያኔ አወረድኳትና በአንድ ጫማ ከኋላዋ ወደ ቤት ሄድኩ።