የጥድ ሙጫና የወንድሜ ተረከዝ

ባለፈው ሳምንት ቁም ሣጥን ላሳድስ መንደራ ቆጪ ሰፈር አንድ አናጺ ዘንድ ገብቼ፣ ሰውየው የጥድ ሳንቃ ሲልግ ሽታው ቢያውደኝ የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ ቆምኩ። ሃምሳን ያለፍኩ ሴትዮ አፌ ምራቅ ሞላ፤ ምን ላድርግ፣ ጥድ እኔን መጀመሪያ የሚታወሰኝ በጥርሴ ነው።

በደርግ ጊዜ ቦሳ ኪቶ ስንኖር ታላቅ ወንድሜ ግርማ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ተረከዙ ተሰነጣጥቆ መራመድ እያቃተው መሆኑን ቢጽፍ፣ እናቴ ደብዳቤውን እንደያዘች ጎረቤታችን አዴ ዘሃራ ዘንድ ሮጠች። እሳቸው የጥድ ሙጫ በቅቤ አቅልጠው፣ በሻሽ አጥልለው የሚሠሩት ቅባት የታወቀ ነበር፤ የሌላው ሰው ቅቤ በወሩ ሲከረፋ የእሳቸው ዓመት ይቆያል። ደብዳቤውን ያመጣው የግርማ ጓደኛ በማግስቱ ወደ ግንባር ስለሚመለስ ቅባቱ በዚያው ቀን መድረስ ነበረበት።

ሙጫውን ከሰቃ ከተማ ካመጣው ነጋዴ ተቀብዬ እንዳደርስ የተላክሁት እኔ ነኝ። ማስቲካ ብርቅ በነበረበት ዘመን ያን የመሰለ ነገር ለአሥር ዓመት ልጅ ማስያዝ! አንዷን ፍሬ ለቅምሻ፣ አንዷን ለጓደኛዬ ለሰሚራ እያልኩ አዴ ዘሃራ በር ስደርስ ወረቀቱ ብቻ ቀረኝ። ደንግጬ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ካለው ግራር ሙጫ ለቅሜ፣ በዚያው ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። መልኩ ያው ነው፣ ማን ያውቃል ብዬ።

ቅቤው ቀለጠ፤ ሙጫው ግን እንደ ጠጠር ድስቱ ሥር ተቀመጠ። አዴ ዘሃራ በማንኪያ ነካ ነካ አደረጉት፣ ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው አፌን አሸተቱ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «የግራር ሙጫ በውኃ እንጂ በቅቤ አይሟሟም። አንቺ ያኘክሽው የወንድምሽን እግር ነው።»

በቁሜ ሞትኩ። ለቅሶዬን ስጨርስ ለገዛ ሳላቸው ያስቀመጡትን የጥድ ሙጫ ከሣጥናቸው አውጥተው ድስቱ ውስጥ ጨመሩት። ለእናቴ ትንፍሽ አላሉም። ያን ክረምት በግድግዳው ማዶ ሲስሉ በሰማሁ ቁጥር ጥፋቴ ደረቴ ላይ ይቀመጥብኝ ነበር።

ግርማ ከሁለት ዓመት በኋላ በገዛ እግሩ እየተራመደ መጣ። ከሻንጣው ባወጣት ጣሳ ሥር የቀረችው ቅባት አልከረፋችም፤ ጥድ ጥድ ትሸት ነበር። ኮሌጅ የምታስተምረው ልጄ ይህን ስነግራት፣ ሙጫው ቅባት እንዳይበላሽ የሚከላከል አንቲኦክሲደንት አለው፣ ሽታውም ከሚተኑት ዘይቶቹ ነው አለችኝ። ይሁን፤ አዴ ዘሃራ ስሙን ሳይሰሙ ሠርተውበታል።

እሳቸው ካረፉ ቆዩ፣ አላህ ይዘንላቸው፤ ቤታቸውም ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። ቅባቱን የሚሠራ ሰው በሰፈሩ አልቀረም፤ ድስቱን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አናጺውን ለምኜ ከሳንቃው ላይ የፋቀልኝን ሙጫ በወረቀት ጠቅልዬ ወጣሁ። የግርማ ተረከዝ በእርጅናው እንደገና ተሰንጥቋል። እሱ ቤት እስክደርስ አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም።