እስክፈተን የተደበቀብኝ መርዶ

እናቴ ስትቀበር እኔ መካነ ሰላም፣ ብየዳ ቤቴ ውስጥ ካልኩለስ እያጠናሁ ነበር። ሚስቴ ታውቅ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ያውቅ ነበር። የቅሬያችን፣ ማለትም የሰፈራችን እድር ሰዎች ሁሉ ያውቁ ነበር። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ንዴቱ አልበረደልኝም።

አባቴ የሞተው አስራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ፈተናው ሳይደርስ ነው። ወንድሜ ጎጆ ወጥቶ የራሱ ልጆች ነበሩት፤ እህቴ ገና ትንሽ ነበረች። ስለዚህ ትምህርቱን ትቼ መካነ ሰላም መጣሁና ብየዳ ለመድኩ። ጥሩ ሙያ ነው፤ በሩም መስኮቱም አብልቶኛል። ለእናቴ ግን አልተዋጠላትም። ከአቀስታ ወዲያ ወዳለው ቀያችን በሄድኩ ቁጥር፣ ገና አረፍ ሳልል፣ «በእኔ ምክንያት ቀረህ» ትለኛለች። «አንቺ ምን አደረግሽ? ሞት ነው እንጂ» እላታለሁ። ትሰማኛለች፤ ግን አትቀበለኝም። ያንን ነገር ከልቧ ሳላወጣላት እንዳትሞትብኝ እፈራ ነበር። ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ በግል ልፈተን ብዬ የተነሳሁት ለዚህ ነው። ለእንጀራ ብዬ አይደለም። ፊቷ ቆሜ «ጨረስኩ» ልላት ፈልጌ ነው።

ሌላው ትምህርት እንደምንም ተመለሰልኝ። ካልኩለስ ግን ጭራሽ ያልጀመርኩት ነበር፤ ያቋረጥኩት መምህራችን ወደዚያ ምዕራፍ ሳይደርስ ነው። መጽሐፉን ከብየዳ ማሽኑ አጠገብ ዘርግቼ፣ ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ ብቻዬን ታገልኩት። በተለይ ሊሚት የሚሉት ነገር ደሜን አፈላው። ይጠጋል፣ ይጠጋል፣ አይደርስም! የማይደርስ ከሆነ ምን ያደክመዋል? አንድ ቀንማ መጽሐፉን አንስቼ ቁርጥራጭ ብረት ላይ ወረወርኩት፤ ሚስቴ አራግፋ መለሰችልኝ። ደንበኞቼም አልማሩኝም። አንዱ በር ሊረከብ መጥቶ፣ «መሐንዲሱ፣ የኔን በር በኤክስ ነው በዋይ የሠራኸው?» አለኝ።

ለእናቴ ስደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ «የት ደረስክ?» ነው። ምዕራፉን እነግራታለሁ። ምን እንደሆነ አታውቀውም፤ ግን «እሱ ደግሞ ከባድ ነው?» ትለኛለች። «ከባድ ነው» ካልኳት «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ትለኛለች። ስልኩን ስዘጋ ጉልበት አገኛለሁ።

ከዚያ ስልኳ አልሠራ አለ። ወንድሜን ስጠይቀው «ኔትወርክ የለም» አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ «ጸበል ወስደናታል» አለኝ። ሁለቱም በእኛ አገር የተለመዱ ናቸውና አመንኩ። ብቅ ብዬ ልያት ስለው፣ «ፈተናህ ደርሶ ምን ያንከራትትሃል? ደህና ናት» ብሎ መለሰኝ። ሚስቴም በዚያው ሰሞን «አክስቴ ታማለች» ብላ ወደ አቀስታ ሄደች።

የተመለሰችበት ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። አናቱ ቅስት የሆነ የግቢ በር እየሠራሁ ነበር። ቅስቱን አጥፌ ስጨርስ ቀጥ ያለ ብረት አስደገፍኩበት፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነካው። ወደ ጎን ሳንሸራትተው ሌላ ቦታ ነካ፤ አዘነባበሉም ተለወጠ። ብረቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ለካስ ዴሪቬቲቭ የሚሉት ይኸው ነው፤ ቅስቱ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚያዘነብል መናገር። ሚስቴ በሩ ላይ ብቅ ስትል ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጎትቼ አሳየኋት። «ገባኝ! ገባኝ እኮ! እማዬን ባገኛት በነገርኳት!» እያልኩ ጮህኩ። «ጎበዝ» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ የመንገድ አቧራ መሰለኝ። የመጣችው ከእናቴ ቀብር ነበር።

ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፤ ስልክ ሳይያዝ ተገብቶ፣ እዚያው እየታደረ። ስገባ የቅሬያችን ሰብሳቢ፣ ትልቁ ሰውዬ ሳይቀሩ በሩ ድረስ ሸኙኝ። ለአንድ ሽበታም ተፈታኝ ይህን ያህል ሰው መውጣቱ ገርሞኝ ነበር፤ ኩራትም ቢጤ ተሰምቶኛል። ፈተናውን በደህና ሠራሁ። የካልኩለሱንም ሠራሁ።

በወጣሁ ማግስት ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ወንድሜ፣ ሰብሳቢውና ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እንዲህ ሆኖ ማለዳ በር ላይ የቆመ ሰው ምን ይዞ እንደመጣ የማያውቅ የለም። «ማን?» አልኩ።

«ልጄ፣ እናታችን አርፈዋል፤ እግዜር ያጽናህ» አሉኝ ሰብሳቢው።

«መቼ?» አልኩ። መልሱን ስሰማ ወንድሜን አንገቱን አነቅኩት። «አፈር እንኳ እንዳላለብሳት ከለከልከኝ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ ሰው ይገላግላል። እሱ አልታገለኝም። «እሷ ናት ያለችው» አለኝ እያለቀሰ። «ፈተናውን ሳይጨርስ እንዳትነግሩት፣ ሁለተኛ በእኔ ምክንያት እንዳይቀር ብላ ነው የሞተችው።»

እጄ ላላ። ግን አልተጽናናሁም፤ ዛሬም አልተጽናናሁም። ለአርባዋ ደረስክ እኮ የሚሉኝን ሰዎች ደግሞ ዓይናቸውን ማየት አልወድም።

በዚያው በአርባዋ ቀን የእህቴ ነገር ተነሳ። እህቴ አድጋ አሁን ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ለእሷም «ኔትወርክ የለም» እያሉ አልነገሯትም። ደግፎ የሚይዛት የአገሯ ሰው አጠገቧ የለም፤ አሠሪዎቿም ለቅሶ እንድትቀመጥ አይፈቅዱላትም፤ ስለዚህ አገሯ ስትገባ ይነገራታል ተባለ። ድንኳኑ ውስጥ ብድግ ብዬ ሽማግሌዎቹ ላይ ጮህኩ። «እኔን ያደረጋችሁኝ አይበቃም? እኔ ራሴ እነግራታለሁ!» ብዬ ማልኩ። ማንም አልተከራከረኝም።

ውጤት መጣ፤ አለፍኩ። እህቴ ከወንድሜ ሰምታ ኖሮ እኔ ሳልደውል እሷ ደወለች። ከአሠሪዎቿ ኩሽና ውስጥ ሆና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትስቃለች። አሁን ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ለእማዬ ነገርካት?» አለችኝ።

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

ሚስቴ ፊት ለፊቴ ቆማ ታየኛለች። «እልል አለች» አልኩ።

እህቴ በደስታ ማልቀስ ጀመረች። «በሞቴ፣ እንዴት እንደነበረ ሁሉንም ንገረኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ደጅ ወጥታ ጎረቤቱን እንደጠራች፣ ጉንጬን ይዛ እንደሳመችኝ፣ እግሯን እያመማት እስክስታ ልውረድ እንዳለች ነገርኳት። «ከዚያስ?» ትለኛለች፤ እቀጥላለሁ። ማቆም ነበረብኝ። ግን እናቴ ስትደሰት ያየሁት ያኔ ብቻ ነውና ማቆም አልቻልኩም።