የሼህ ይመር መንዙማ በአንድ ፋይል

ባለቤቴ አብዱልባሲጥ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የሚሠራው። መኪና በማይመጣበት ሰዓት በመስታወቷ ክፍል ተቀምጦ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በፓይተን ፕሮግራም ይጽፋል። ሦስት ዓመት ለፍቶ አንድ ላይብረሪ ሠራ፤ ሌሎች ፕሮግራም ጸሐፊዎች በነፃ አንስተው የሚጠቀሙበት መሣሪያ ማለት ነው። ትልቅ ፋይልን ሳይገለብጡ፣ ዲስኩ ላይ ካለበት ሆኖ ለማንበብም ለማረምም ያስችላል። "አርባ ሰው ወሰደው" ሲለኝ፣ ሠላሳው አንተ ነህ እያልኩ አሾፍበት ነበር።

አባቱ ሼህ ይመር ወሎ ውስጥ መንዙማ አውጪ ነበሩ። ድምፃቸው የቀረው በአንድ ካሴት ነው። ሊሞቱ ሲሉ "ለአላህ ብዬ ያልኩት ነው፤ እንዳታባዙት፤ ለዝና እንዳይሆንብኝ" ብለው ተናዘዙ። ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር እንደገባ ክሩ ተበጣጥሶ አለቀ። አንዲት ፋይል ብቻ ቀረች።

"ኧረ ባክአፕ አድርገው!" አልኩት።

"አማና ነው ሱሀይላ፣ የአባቴ አደራ። ኮፒ አላደርገውም።"

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ለመውሊድ እናቱ እማማ ዓሪፋ ከጀርመንታውን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ ቤታችን ሊመጡ ሆነ። ካሴቱ ሽሽ ይል ስለነበር፣ እናቱ አጥርተው እንዲሰሙ ብሎ፣ ከተወሰነ ልክ በታች ያለውን ድምፅ ሁሉ የሚያጠፋ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። መገልበጥ ስላልፈለገ በራሱ ላይብረሪ እዚያው ፋይሉ ላይ ሠራ። እንዲህ ሲሠራ የተለወጠው ሁሉ ወዲያው ዲስኩ ላይ ይሰፍራል፤ "ሴቭ ላድርግ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ መመለሻም የለው። ይህን በመመሪያው ላይ ያስጠነቀቀው ራሱ ነው። ግን በገዛ እጁ ሥራ ተማመነ።

እሁድ ጧት ከፍቶ ሲያዳምጥ ድቤው አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ ተቀባዮቹ አሉ። ሼህ ይመር ብቻቸውን የሚያወጡበት ቦታ ሁሉ ባዶ ነው። ከማይክሮፎኑ ርቀው፣ በደከመ ድምፅ ነበር የሚያወጡት፤ ፕሮግራሙ ሽሽ ከሚለው ድምፅ ጋር ጠርጎ አጠፋቸው።

"አባቴን ሁለተኛ ገደልኩት" አለኝ።

እማማ ዓሪፋ ከሰዓት መጡ። ሊነግራቸው ሦስቴ አፉን ከፈተ፤ አቃተው።

"ክፈትልኝ እንጂ ልጄ፣ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ!"

ከፈተው። ድቤ፣ ተቀባዮች፣ ከዚያ ጸጥታ።

"አሁን ያወጣል" አሉ እማማ ዓሪፋ ወደፊት ጠጋ ብለው። እንደገና ድቤ፣ እንደገና ጸጥታ። "አብዱ፣ ከፍ አድርግልኝ።"

አደረገ።

"ጨምር።"

ጨመረ። ድቤው መስኮቱን አንቀጠቀጠው። እማማ ዓሪፋ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደባበሱ።

"ሌላውን ሁሉ እየሰማ፣ ጆሮዬ የሱን ነሳኝ" አሉ። "እናንተ ግን ትሰሙታላችሁ አይደል?"

አብዱልባሲጥ ቀና ሳይል፣ "እንሰማዋለን፣ እማ" አለ።